ቤቱ የመንግሥት ቢሆንም ጠባቂው እኛ ነን

በዚህ እትም የማወራችሁ ስለ ቤት ነው። ቤት ስል የራሳችን ያልሆነውን፣ ግን የምንኖርበትን ማለቴ ነው። በክፍላችን «የቀበሌ ቤት ወይም የኪራይ ቤት የምትኖሩ እጅ አውጡ» ብንባል ብዙ እጅ ይወጣል። የእኔም ይወጣል።

መጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልናገር። በ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ፣ በአያቴ አልጋ በኩል ያለው ግድግዳ ተሰነጠቀ። አያቴ ቤቱ እንዲጠገን ልታመለክት ሄደች። ጸሐፊው መዝገቡን አየና «እማማ፣ የሦስት ወር ኪራይ ይቀርዎታል» አላት። አያቴ ግን ከፍላ ነበር። ደረሰኙን ልታመጣ ቤት መጣች፤ ሣጥኑን ገለበጠችው፤ የሌላው ወር ሁሉ አለ፣ የሦስቱ የለም። ለካ እኔ ነኝ! በወረቀቶቹ ጀልባ ሠርቼ ቦይ ላይ ለቅቄያቸዋለሁ። አያቴ ኪራዩን ደግማ ከፈለች። ዕዳው እስኪጠራ ድረስም የጥገናው ጉዳይ ቆመ። እኛም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌሊት በረንዳ ላይ ነበር የምንተኛው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቤት መጠየቅ የጀመርኩት።

የቀበሌ ቤት ከየት መጣ?

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። በአዋጁ የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ኪራዩም ተቀነሰ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

የእኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ከተማ ስለሆነች ያኔም ነበረች። ሰመራ ግን ወጣት ከተማ ናት፤ የአፋር ክልል ዋና ከተማነትን የተረከበችው ከአሳይታ ነው። ስለዚህ ሰመራ እንደሚኖረው እንደ አጎቴ ያሉ ብዙ ሠራተኞች ከግለሰብ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ለእነሱ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1320 ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ የሚከፈለውም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። በየትኛው ከተማ እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ወላጆቻችን የከተማውን አስተዳደር ይጠይቁ።

ወረቀት እንደ ቤት ቁልፍ ነው

አያቴ አሁን አራት ነገር በአንድ ላስቲክ ጠቅልላ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጣለች።

1ኛ. የኪራይ ውሉ። ውሉ በማን ስም እንደሆነ እወቁ። ስሙ ያለበት ሰው ካረፈ ቤተሰቡ ሳይዘገይ ያመልክት። ዝም ብሎ መቀመጥ በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል።

2ኛ. ደረሰኝ። የእያንዳንዱ ወር፣ በተራ። (ጀልባ ክልክል ነው!)

3ኛ. የማመልከቻ ቅጂ። ቧንቧ ቢሰበር፣ ጣራ ቢያፈስ በቃል ብቻ መናገር አይበቃም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ስጡ፤ በሌላው ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር ጽፎ ይመልስላችሁ። «መቼ ነገራችሁን?» ሲባል መልሱ እጃችሁ ላይ ነው።

4ኛ. የፈቃድ ደብዳቤ። ግድግዳ ለማፍረስ ወይም ኩሽና ለመጨመር ከፈለግን አስቀድመን ማስፈቀድ አለብን። የቀበሌን ቤት መሸጥ ወይም ለሌላ ሰው ማከራየትማ ቤቱን ያስቀማል።

ማን ምን ይጠግናል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥገናን ለሁለት ይከፍለዋል። በአጠቃቀም የሚመጣው ትንሹ ጥገና፣ ለምሳሌ የበር፣ የመስኮት፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የተከራዩ ነው። ትልቁ ጥገና የአከራዩ ነው። ትንሹም ቢሆን ቤቱ ከማርጀቱ የተነሳ ከሆነ በተከራዩ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ የበሩን ማጠፊያ እኛ እናጠብቃለን፤ ለሚፈርስ ግድግዳ ግን እናመለክታለን።

ስንጥቅ ሲታይ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል። ታህሣሥ 26 ሌሊት የነበረው መጠኑ ከ5 ነጥብ 5 በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ስለዚህ ስንጥቅ ማየትን መልመድ አለብን።

ልስኑ ላይ ብቻ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙም አያሰጋም። በሰያፍ የሚሄድ፣ እርሳስ የሚያስገባ፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳ፣ ወይም እንደ መስቀል የተጣመረ ከሆነ ግን አደገኛ ነው። እኛ ያደረግነው ይኼ ነው፦ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን ጻፍንበት። ከሳምንት በኋላ ስናየው ምልክቱን አልፎ ሄዷል። ያንን በማመልከቻው ላይ ጻፍነው፤ ሊያይ የመጣው ባለሙያም መጀመሪያ ያየው ምልክቱን ነው። ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ተሠራ። እስከዚያው ከስሩ አትተኙ፤ ከባድ ዕቃም አታስደግፉበት።

የየሳምንቱ ሥራ

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ወንድሜ ተከፋፍለን እንሠራለን። ማንም ልጅ ሊሠራው ይችላል።

- የውሃ በርሜልና ባልዲ መክደን። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው፤ የምትነክሰውም ቀን ነው። ከዕንቁላል ተነስታ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ውሃውን ደፍተን የበርሜሉን ውስጥ በብሩሽ እንፈትጋለን፤ ዕንቁላሉ ከጎኑ ላይ ይለጠፋልና። አሮጌ ጎማና ጣሳ ከግቢ ይውጣ።
- የጭቃ ቤት ከሆነ ምስጥን መፈለግ። ግድግዳው ላይ የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ ወደ እንጨቱ እየወጣ ነው። ማገዶ ግድግዳ ላይ አትከምሩ።
- ዲቫይደር በእጅ መዳሰስ። ፍሪጅ፣ ቬንትሌተርና ምድጃ በአንድ ዲቫይደር ከተሰኩ ይሞቃል። ከሞቀ ለትልቅ ሰው ንገሩ፤ ራሳችሁ አትንቀሉት።
- ቦዩን መጥረግ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ መሠረቱ እንዳይገባ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። በአፋር ባህል የምንጣፉን ቤት፣ ዓሪን፣ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ቤተሰቡ ሲንቀሳቀስ ነቅለው በግመል ጭነው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። አያቴን ስለዚህ ጉዳይ ሳወራት «አየህ፣ የሚያውቁት ቤት አያስቸግርም። ያንተን ቤት ግን በግመል አትጭነውም፤ ስለዚህ በወረቀት ያዘው» አለችኝ።

ጥያቄ ለአንባቢ፦ የቤታችሁ ውል በማን ስም ነው? ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ቤታችሁ ውስጥ ያገኛችሁትን ስንጥቅ ወይም ያልተከደነ በርሜል ጽፋችሁ በክበቡ ሣጥን ውስጥ ክተቱ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል፣ አዋሽ