የወረዳ ግዥ እንዴት ይጠበቃል?

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ብቻውን አይወስንም። ጥርሱን የሚያይለት፣ አካሄዱን የሚመለከትለት፣ ዋጋ የሚከራከርለት ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ከሻጩም ዋስ ይጠይቃል። የመንግሥት ግዥም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሚገዛው ሰውና የሚያረጋግጠው ሰው አንድ መሆን የለበትም።

ይህ አሠራር በ2001 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ተደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ወረዳዎቻችን የሚመሩት በክልሉ የግዥ ሕግ ነው፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

ለምሳሌ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አካባቢ ያለ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ለመስኖ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ አሰበ እንበል። ዕቃው ከገበሬው እጅ እስኪደርስ በአምስት እጆች ያልፋል።

1ኛ. ጠያቂው፦ ጽሕፈት ቤቱ የሚፈልገውን ዕቃ ዘርዝሮ ይጽፋል። ሞተሩ በሰከንድ ስንት ሊትር ይስባል? ውሃውን ስንት ሜትር ወደ ላይ ይገፋል? መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል? የአንድን ፋብሪካ ስም ብቻ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ ሌላውን ተወዳዳሪ በር ይዘጋበታልና።

2ኛ. ገዢው፦ የግዥ ክፍሉ የጨረታ ሰነድ አዘጋጅቶ ማስታወቂያ ያወጣል። በክልላችን እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች በበኵር ጋዜጣ ይወጣሉ። ተጫራቾች ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ ያቀርባሉ፤ ፖስታውም በተባለው ቀንና ሰዓት በፊታቸው ተከፍቶ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል።

3ኛ. ገምጋሚው፦ የቴክኒክ ኮሚቴው የቀረበውን ከተጠየቀው ጋር ያስተያያል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚያሸንፈው ርካሹ ሁሉ ሳይሆን መስፈርቱን ካሟሉት መካከል አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው።

4ኛ. አጽዳቂው፦ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ሥራው በደንቡ መሠረት መሠራቱን ይመረምራል፤ ካልተሠራም ይመልሳል።

5ኛ. ተረካቢው፦ ዕቃው ሲመጣ ሣጥኑ ይከፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይፈተሻል። ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 የሚቆርጠው ከዚህ በኋላ ነው። በውል የተፈቀደ ቅድሚያ ክፍያ ከሌለ በቀር፣ ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ገንዘብ አይከፈልም።

አምስቱም ፊርማ በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካለቀ ግን ኮሚቴው በወረቀት ብቻ አለ ማለት ነው። አንዱን ትልቅ ግዥ ከግልጽ ጨረታ ለማምለጥ ሲሉ በትንንሹ መከፋፈልም እንዲሁ ጥበቃውን ያፈርሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ጥድፊያ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። በጀቱ እንዳይመለስ ሲባል ግዥ ወደ ሰኔ ከተገፋ፣ ኮሚቴው ለመመርመር ጊዜ አያገኝም፤ ገበሬውም በዚያ ሰሞን በበቆሎ ዘር ላይ ነው። በሰኔ የመጣ የመስኖ ሞተር ክረምቱን በመጋዘን ያሳልፋል። ማንም ውሃ ስቦ አይፈትነውም፤ የዋስትናው ጊዜ ግን ይቆጠራል። በበጋ በብር ወንዝ ዳር ተተክሎ ጉድለቱ ሲታይ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ የሚደርቀውም የገበሬው ሽንኩርትና በርበሬ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዓመቱ የግዥ ዕቅድ ከበጀቱ ጋር በሐምሌ መውጣት አለበት።

በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ደግሞ ሥልጣኑ ይበልጥ በእጃችሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ የሥራ አመራር ኮሚቴንና የቁጥጥር ኮሚቴን ይመርጣል። የቁጥጥር ኮሚቴው ተጠሪነቱ ለጉባኤው እንጂ ለሥራ አመራሩ አይደለም። ስለዚህ ማዳበሪያ ሲራገፍ 50 ኪሎ የተባለው ከረጢት በሚዛን መሞላቱን፣ እርጥበት አለማግኘቱን አይቶ የሚፈርም፣ ጎረቤቱንም ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ምረጡ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፣ መስፈርቱ ሲጻፍ የገበሬውን ፍላጎት አቅርቡ፤ ርክክብ ሲደረግም ሞተሩ ውሃ ላይ ተነሥቶ እንዲሠራ ጠይቁ።

ገበሬዎች ሆይ፣ እናንተም የወረዳውን በጀት ለሚያጸድቀው ምክር ቤት የመረጣችሁትን ተወካይ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት፦ ዕቃው በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ነበረ? ጨረታው የተከፈተው በእነማን ፊት ነው? ሞዴል 19 ሲቆረጥ ዕቃውን የፈተነው ማን ነው? መልሱን ሰኔ ሳይደርስ ተቀበሉት፤ ሞተሩ ገና ሲገዛ የተገኘ ጉድለት በሻጩ ኪሣራ ይታረማልና።