ነባር ስካነርና አዲስ ኮምፒውተር፦ የመሣሪያው አሠራር፣ የግንኙነቱ ችግርና መፍትሔው

ስካነር በወረቀት ላይ የሰፈረን ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ ወይም ማኅተም በብርሃን አንብቦ ኮምፒውተር ሊያስቀምጠውና ሊልከው ወደሚችል ምስል የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የመናኸሪያ አካባቢዎች ሁሉ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ላሚኔሽን በአንድ ጠባብ ክፍል የሚሠሩ ሱቆች ያለ እርሱ ሥራቸው አይሟላም፤ ባለጉዳዩ የትምህርት ማስረጃውን፣ የልደት ሰርተፍኬቱን፣ ውክልናውን ወይም የቤት ካርታውን ስካን አስደርጎ በፍላሽ ይዞ ወይም በቴሌግራም አስልኮ ይሄዳል። በእንዲህ ያሉ ሱቆችና በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚገኙ ስካነሮች ብዙ ጊዜ ከተገጠሙባቸው ኮምፒውተሮች የበለጠ ዕድሜ አላቸው። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ወይም ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት ግን፣ እስከዚያው ድረስ ያለ እንከን ሲሠራ የቆየው ስካነር መብራቱ እየበራ «ኮምፒውተሩ አላነበበውም» ይባልና ወደ ጥግ ይገፋል። ከተጣሉት ስካነሮች የብዙዎቹ አካል ጤነኛ ሲሆን፣ ያረጀው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኛቸው ፕሮግራም በመሆኑ፣ ጉድለቱ የቱ ላይ እንዳለ መለየት የተቻለ እንደሆነ መሣሪያው ለተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

የመሣሪያው አሠራር

በገበያው ላይ በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ወረቀቱ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ተደፍቶ ክዳን የሚጫንበት ጠፍጣፋ ስካነር ነው። ከመስታወቱ ሥር መብራትና የብርሃን ዳሳሽ የተሸከመ ተንቀሳቃሽ ክፍል አለ፤ ይህም በጥርሳም ቀበቶና በትንሽ ሞተር እየተጎተተ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲጓዝ፣ ከወረቀቱ የሚመለሰውን ብርሃን በየመስመሩ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ ከመስታወቱ ጫፍ፣ በፕላስቲኩ ጠርዝ ሥር ከተሸሸገ አንድ ነጭ ሰቅ ፊት ቆሞ ይህንኑ ነጭ ያነባል፤ እያንዳንዱ የዳሳሹ ነጥብ «ነጭ» የሚለውን መለኪያ የሚያገኘው ከዚህ ሰቅ ነው። በዚህም ምክንያት በመስታወቱ ላይ ያረፈ አቧራ በምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ በነጩ ሰቅ ወይም በራሱ በዳሳሹ ላይ ያረፈ አቧራ ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ባለሙያ መስታወቱን ደጋግሞ በመወልወል ጊዜውን አያጠፋም።

ዳሳሾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሲሲዲ የሚባለውና መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በዊላርድ ቦይልና በጆርጅ ስሚዝ የተፈለሰፈው ሲሆን፣ ሁለቱ ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በዚህ ዓይነት ስካነር ውስጥ የገጹ ምስል በመስታወቶችና በሌንስ ተጨምቆ ወደ ትንሹ ዳሳሽ ስለሚደርስ መሣሪያው ወፍራምና ከባድ ይሆናል፤ በምትኩ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለን ነገር፣ ለምሳሌ የተጠረዘ መዝገብ መሐል ስፌቱን፣ አጥርቶ ያነባል። ሁለተኛው ሲአይኤስ የሚባለው ሲሆን፣ የገጹን ወርድ የሚያህል የዳሳሾች ረድፍ ከመስታወቱ ሥር ተጠግቶ ስለሚሄድ መሣሪያው ቀጭንና ቀላል ነው፤ የካነን ኩባንያ ላይድ የተባሉት ስካነሮች የዚህ ዓይነት ሆነው ኃይላቸውንም ከዩኤስቢ ገመዱ ያገኛሉ። ወረቀቱ ከመስታወቱ ካልተጣበቀ ግን ምስሉ ይደበዝዛል።

የመሣሪያው ታሪክ ከግል ኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለ የአሜሪካ የመንግሥት ደረጃዎች ቢሮ ተመራማሪ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በከበሮ ላይ እያሽከረከረ 176 በ176 ነጥብ ወዳለው ምስል ለውጦ ወደ ኮምፒውተር አስገብቷል። ከዚያ በኋላ በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት ስካነሮች በስከዚ፣ በፓራለል ፖርት፣ በመጨረሻም በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መሰኪያዎች የያዙትን ዛሬ ማገናኘት አድካሚ ሲሆን፣ ዩኤስቢ ያላቸው ግን ገመዳቸው አሁንም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ችግሩ የሚጀምረው ከተሰኩ በኋላ ነው።

ግንኙነቱ የሚቋረጥበት ቦታ

ኮምፒውተር ስካነርን በቀጥታ ማዘዝ አይችልም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህም በችሎት እንደሚቆም አስተርጓሚ ሆኖ የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ለመሣሪያው፣ የመሣሪያውን መልስ ለኮምፒውተሩ ያደርሳል። ድራይቨሩን የሚጽፈው የስካነሩ አምራች ሲሆን፣ አምራቹ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ ለአዳዲስ የዊንዶውስ ዓይነቶች ድራይቨር የማዘጋጀት ግዴታ ስለሌለበት ብዙ ጊዜ ይተወዋል።

ከባዱ ለውጥ የመጣው ከባለ 32 ቢት ወደ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በተደረገው ሽግግር ነው። የቢቱ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የመረጃ ስፋት የሚያመለክት ሲሆን፣ በስርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ የሚሠራ ባለ 32 ቢት ድራይቨር በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በምንም መንገድ አይሠራም። ከዚህም በላይ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ በእምብርቱ ውስጥ የሚገቡ ድራይቨሮች ዲጂታል ፊርማ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በባለ 64 ቢት ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ለዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ የተጻፈ ድራይቨር ያለው ስካነር በአዲስ ላፕቶፕ ላይ በተለመደው መንገድ የሚሠራበት ዕድል የለውም ማለት ይቻላል።

ሌላው የችግር ምንጭ ስካን የሚያደርገው ፕሮግራም ራሱ ነው። ፕሮግራሞች ከድራይቨር ጋር የሚነጋገሩባቸው ሁለት የታወቁ ስምምነቶች አሉ፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ትዌይንና ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ሚ (Me) እና ከኤክስፒ ጋር ያስተዋወቀው ዊያ ናቸው። ባለ 32 ቢት የትዌይን ድራይቨር ለባለ 64 ቢት ፕሮግራም አይታይም፤ ዊያ ግን ለብቻው በሚሠራ አገልግሎት በኩል ስለሚያልፍ ለሁለቱም ይታያል። ስለዚህ «ስካነሩ የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ድራይቨሩ በትክክል ተጭኖ ፕሮግራሙ ብቻ ያልገጠመ ሊሆን ይችላል።

የመፍትሔ መንገዶች

ማንኛውም ሙከራ ከቀላሉ መጀመር ይኖርበታል። ስካነሩ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በዴስክቶፑ ጀርባ ባለ መሰኪያ በቀጥታ ይሰካል፤ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ስካነር በደካማ ማከፋፈያ ወይም በረጅም ገመድ በኩል በቂ ኃይል አያገኝምና። አንዳንድ ነባር ስካነሮች በሰማያዊው የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ላይ እየተቆራረጡ በጥቁሩ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ ላይ ግን በሚገባ ይሠራሉ። በመቀጠል ለዊንዶውስ 7 ወይም ለቪስታ የተዘጋጀ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ መፈለግ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ድራይቨር በዊንዶውስ 10ና 11 ላይም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ድራይቨርን ከማይታወቁ ድረ ገጾች ማውረድ ግን ቫይረስ በእጅ እንደማስገባት ስለሆነ ሊወገድ ይገባዋል።

የአምራቹ ድራይቨር ከሌለ ሁለተኛው መንገድ ሌሎች የጻፉትን መጠቀም ነው። ኤድ ሃምሪክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ቪውስካን የተባለው ፕሮግራም በሺዎች ለሚቆጠሩ የስካነር ሞዴሎች የራሱን ድራይቨር ይዟል፤ ፕሮግራሙ የሚሸጥ ቢሆንም የሙከራ ቅጂው በምስሉ ላይ ምልክት እያተመ ስለሚሠራ፣ ገዢው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ስካነሩ መነበቡን ማረጋገጥ ይችላል። በነፃው ስርዓተ ክወና በሊኑክስ ላይ ደግሞ ሴን የሚባል የድራይቨሮች ስብስብ አለ፤ ይህ ስብስብ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቅ በመሆኑ አምራቹ የተወውን ሞዴል አይተውም፤ ለምሳሌ የካነን ላይድ 25 እስከ ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። አንዳንድ የሙስቴክና የአግፋ ሞዴሎች ግን በተከፈቱ ቁጥር ከኮምፒውተሩ የሚቀበሉት ፈርምዌር የተባለ ውስጣዊ ፕሮግራም ስለሚፈልጉና ይህም ፋይል በመሣሪያው ሲዲ ላይ ስለሚገኝ፣ ከስካነሩ ጋር የመጣውን ሲዲ መጣል ኋላ ያስቆጫል።

ሦስተኛው መንገድ ለስካነሩ የራሱን ኮምፒውተር መተው ነው። አዲስ ዊንዶውስ የማይችል አሮጌ ዴስክቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበት ስካነሩን በኔትወርክ ለሌሎቹ ሊያካፍል ይችላል፤ ኤርሴን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሴን የሚነበብን ስካነር ድራይቨር የማይጠይቅ ዘመናዊ የኔትወርክ ስካነር አስመስሎ ስለሚያቀርበው፣ አዲሱ ላፕቶፕ ስለ አሮጌው ድራይቨር ማወቅ አያስፈልገውም። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒን ወይም 7ን እንዳለ ማቆየት የሚመርጡም አሉ፤ ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለሁለተኛው በ2020 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ስላቆመ፣ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነጥሎ መቆየት አለበት፤ ከእርሱ ፋይል የሚያወጣ ፍላሽም ቫይረስ ሊያመላልስ ስለሚችል በየጊዜው መፈተሽ ይኖርበታል።

አያያዝና የሥራ ጥራት

የግንኙነቱ ችግር ከተፈታ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው አያያዙ ነው። ብዙ የሲሲዲ ስካነሮች ተንቀሳቃሹን ክፍል የሚያስር መቆለፊያ አላቸው፤ መሣሪያው በመኪና ሲጓጓዝ መቆለፍ፣ ከመብራት ጋር ከመገናኘቱ በፊት መፈታት አለበት፤ ሳይፈታ የተከፈተ ስካነር እየተንገጫገጨ ይቆምና ተበላሽቷል ይባላል። መስታወቱ የሚጸዳው ጨርቁን በማርጠብ እንጂ ፈሳሹን በቀጥታ በመርጨት አይደለም፤ በጠርዙ የገባ እርጥበት በውስጠኛው ገጽ ላይ ጉም ሆኖ ይቀራልና። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አካባቢ ደግሞ ስካነሩን በስታብላይዘር በኩል መሰካት ተገቢ ነው።

የምስሉን ጥራት የሚወስነው በኢንች ውስጥ ያሉት ነጥቦች ብዛት ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲነበብ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም ሳይታመቅ በቀለም 26 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ መጠን ትርፍ አይደለም። የ«ቡ» ቅጥያ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ፣ የ«ቢ» ደግሞ ከዚያው እግር ግርጌ ላይ ሲሆን፣ ባለ 12 ፖይንት ፊደል በኢንች 100 ነጥብ ሲነበብ ከላይ እስከ ታች የሚደርሰው 17 ያህል ነጥብ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሊምታቱ ይችላሉ፤ በ300 ሲነበብ ግን 50 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው ምስሉን ወደ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ በሚለውጡ እንደ ቴሰራክት ባሉ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ይህ ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ሐዋሳን በመሰለ ከተማ ግን አማርኛና በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሲዳምኛ በአንድ ሰነድ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ፊደል እንዲያነብ አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

የስልክ ካሜራ የስካነሩን ሥራ በከፊል መውሰዱ እሙን ነው። ካሜራ ግን የገጹን ጠርዝ ያጣምማል፣ ጥላ ይጥላል፣ መጠኑንም አይጠብቅም፤ የካርታ ልኬት ወይም የማኅተም ቅርጽ እንዳለ መተላለፍ በሚኖርበት ሥራ ጠፍጣፋው ስካነር አሁንም ተመራጭ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታሰብ በእጅጉ ስለናረ፣ ነባሩን ማሠራት ከምንጊዜውም ይልቅ አዋጭ ሆኗል። ሞተሩ ከተቃጠለ፣ ዳሳሹ ከሞተ ወይም የመብራቱ ቱቦ ደክሞ ቀለሙ ከተበላሸ ግን የመለዋወጫ ፍለጋው ወጪ ከአዲስ ስካነር ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል መተካቱ ይሻላል። ስለዚህ ስካነሩን ከመጣል በፊት በሊኑክስ ወይም በቪውስካን የሙከራ ቅጂ አንድ ገጽ ማስነበብ ይበቃል፤ ገጹ በሚገባ ከወጣ መሣሪያው ጤነኛ መሆኑ ስለሚረጋገጥ፣ መፈለግ ያለበት ድራይቨር እንጂ ሌላ ስካነር አይሆንም።