የማይጋባው የልጆች የቆዳ በሽታ

እናቶች ሆይ! በልጅ ክርን፥ ጉልበት ወይም ራስ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚረግፍበት ወፍራም ቆዳ ሲወጣ፥ ብዙ ሰው ቆረቆር ነው ይላል። ነገር ግን ሶርያሲስ የሚባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል፥ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ እንድታስመረምሩት እንመክራለን።

ቆረቆር ይጋባል፤ ሶርያሲስ ግን ፈጽሞ አይጋባም። የሚመጣው ቆዳው ከልክ በላይ ፈጥኖ ስለሚያድግ እንጂ ከእድፍ አይደለም። ስለዚህ ሶርያሲስ ነው ከተባላችሁ፥ ልጁን ከገበታም ከመኝታም ከጓደኞቹም አትለዩት።

ቅርፊቱን አትላጡ፤ ይደማል። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፥ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡት። የሚያቃጥል ቅጠል አታድርጉበት። የጉሮሮ ሕመም በሽታውን ሊያስነሣበት ስለሚችል፥ ጉሮሮውን ሲያመው ቶሎ አሳክሙት። በሽታው እየሄደ የሚመለስ ቢሆንም፥ ሐኪም የሚያዘው ቅባት ያስታግሠዋልና ተስፋ አትቁረጡ እንላለን።