ሻጋታውና ሽምግልናው

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ባለፈው ነሐሴ አከራይና ተከራይ በሻጋታ ተጣልተው ለሽምግልና ተጠራሁ። ተከራይዋ «ጋሼ፣ ግድግዳው ውኃ ያስገባል፤ ልጄ በሳል አለቀ» አለችኝ። አከራይዋ በበኩላቸው «መስኮት ከፍታ አታውቅም» አሉ።

የሳሉ ነገር ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበትን ቤት ከሳልና ከአስም ጋር አያይዞታል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም አከራይ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንዲጠብቅ፣ ተከራይም በጥንቃቄ እንዲይዘው ያስገድዳል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሻጋታ ያለ እርጥበት አይበቅልምና ጥያቄው ውኃው ከየት መጣ የሚለው ነው።

ማስረጃ ፈለግሁ። ሁለት ቁራጭ ላስቲክ፣ አንዱን ከግድግዳው ግርጌ፣ ሌላውን ከኮርኒሱ ሥር፣ ዙሪያቸውን በፕላስተር አሽገን ሁለት ቀን ተውናቸው። የታችኛው ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል ረጠበ። ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረው አፈርና የተቀደደው አሸንዳ ሥራ ነው። የላይኛው ግን በክፍሉ በኩል አላበው። የድስቱ እንፋሎትና ቤት ውስጥ የሚሰጣው ልብስ እርጥበት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውኃ ይሆናል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር!

አከራይዋ በየመስከረሙ የዘይት ቀለም ያስቀቡ ነበር። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ውኃውን ማፈን ነው፤ በዓመቱ ተላልጦ ይወርዳል። አሁን አፈሩ ተነሥቷል፣ አሸንዳውም ተጠግኗል። ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው። ተከራይዋ ግን ንፋስ ትፈራለች፤ መስኮቱን የምትከፍተው እኔን ስታይ ብቻ ይመስለኛል።