የአርባ ምንጭ በረንዳ፦ ለማን፣ በስንት ሰዓት?

ዲዛይን ቲንኪንግ እየተባለ የሚጠራው ንድፋዊ አስተሳሰብ፣ አንድ ዕቃ፣ ቤት ወይም አገልግሎት ከመሠራቱ በፊት የሚገለገልበትን ሰው ጠጋ ብሎ በማወቅ የሚጀምር የአሠራር ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ንድፍ የመሐንዲስ ብቻ ሥራ እንዳልሆነ፣ ያለውን ሁኔታ ወደ ተሻለ ለመለወጥ መላ የሚፈልግ ሁሉ ንድፍ እንደሚያወጣ አስረዳ። በኋላም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ኬሊና ባልደረቦቹ ዘዴውን ለማስተማር እንዲመች በአምስት ደረጃ ከፋፈሉት፦ ተጠቃሚውን መረዳት፣ ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ መፍትሔ ማፍለቅ፣ በጥቂት ወጪ ሠርቶ ማየት፣ ከዚያም መፈተሽ። በተግባር ግን ሥራው ወደፊትም ወደኋላም ይመላለሳል፤ ፍተሻው ችግሩ በትክክል እንዳልተለየ ካሳየ ወደ መጀመሪያው መመለስ ግድ ነው። የቤት በረንዳ ለዚህ ዘዴ ጥሩ መለማመጃ ነው። ትንሽ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ስህተቱም በሳምንት ውስጥ ይታያል።

በጋሞ ዞን ይህ አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ በጉጌ ተራሮች ላይ የሚታየው የዶርዜ ቤት በቀርቀሃ ተሸምኖ የሚሠራ ረጅም ጎጆ ሲሆን፣ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቅርጹ በዝሆን ይመሰላል። ከፊት ለፊቱ እንደ ኩምቢ ወጣ ብሎ የሚታየው መግቢያ መደብ ያለው የእንግዳ መቀበያ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ከደጋው ዝናብና ብርድ ይጠለላል፤ ከምድጃው ጭስና ከከብቶቹ ቦታም ይርቃል፤ ደጁንም ያያል። በረንዳ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ሁሉ ይሠራል ማለት ነው። ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላው የተበላው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ይህን ቤት ያወጣው ሕዝብ የአካባቢውን ብርድ፣ ምስጥና የእንግዳ ባህል አጥንቶ፣ ከትውልድ ትውልድ እያሻሻለው ነው እዚህ ያደረሰው።

በከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ለብዙ ከተሞች ኮንዶሚኒየም አስገኝቷል፤ ቤት ለሌለው ቤት መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ንድፉ እንጀራ መጋገርን፣ ልብስ ማጠብንና ከብት ማረድን ከመኖሪያው ውጭ በጋራ ቤቶች ውስጥ እንዲከናወኑ አስቦ ነበር። ብዙዎቹ የጋራ ቤቶች ግን ለታሰበላቸው ሥራ ሳይውሉ ቀሩ። ሊጥ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውረድ ለማንም ይከብዳል። የተረፈው ሥራ ወደ በረንዳው መጣ፦ ልብሱ፣ ከሰሉ፣ የውኃ በርሜሉ፣ የሚሰጣው በርበሬ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ። ለመቀመጫ የታሰበው ቦታ የዕቃ ማከማቻ ሆነ። ብዙ ሰው በረንዳዬ ጠቦኛል ሲል በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ስፋት አይደለም፤ ሳይጠየቅ ስለተነደፈለት ቤት ነው።

ማሻሻያው የሚጀምረው ገበያ በመውጣት አይደለም። አዲስ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ ወይም መጋረጃ ከመግዛት በፊት ለአንድ ሳምንት በረንዳውን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን እንደሚጠቀምበት መመዝገብ ያስፈልጋል። «ምን ዓይነት በረንዳ ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስገኝም፤ ሰው በሌላ ቤት ያየውን ይነግራል። «ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበራችሁ? ለምን ተነሣችሁ?» የሚለው ግን እውነተኛውን ኑሮ ያወጣል። አፍ የማይናገረውን ደግሞ ወለሉ ይናገራል። ከሰል የተቀመጠበት ጥግ ጠቁሯል፤ የልብስ ገመዱ የታሰረበት ብረት ቀለሙ ተልጧል፤ በርጩማው ጥላን ተከትሎ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲጎተት ወለሉ ላይ መስመር አውጥቷል። እነዚህን ምልክቶች የሚያነብ ሰው ግማሹን መልስ አግኝቷል።

የሚናገረውም ሁሉም መሆን አለበት። የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚባለው ባህላዊ የመሰብሰቢያ ቦታ ሲቀመጡ ጉዳዩ ሰው እስኪግባባ ድረስ ይመከርበታል፤ ቤተሰብም ስለ በረንዳው በዚሁ መንገድ ቢመክር ያዋጣዋል። ጥጥ ሲፈትሉ ብርሃን የሚሹ አያት፣ ልብስ የምታሰጣ እናት፣ ማታ የሚያጠና ተማሪና መሄድ የጀመረ ሕፃን አንዱን ቦታ በተለያየ ሰዓት ነው የሚፈልጉት። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ደግሞ ልብሱን የምታጥበውና ቡናውን የምታፈላው ሰው ናት፤ በረንዳው ላይ ከማንም በላይ የምትቆየው እሷ ሆና ሳለ።

ከሰው ቀጥሎ የሚጠናው ፀሐይ ነው፤ በአርባ ምንጭ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች፤ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ በየካቲትና በመጋቢት ከዚያም ያልፋል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን መግቢያ ገደማ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ መካከል ባለው ክረምት በቀትር ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ይሁንና በቀትር ሁልጊዜ ከፍ ብላ ስለምትቆይ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ብዙም አይቸገርም። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው በረንዳ ከላዩ ልክ ያንኑ ያህል የወጣ ጣሪያ ካለው፣ ፀሐይ ይበልጥ ወደ ደቡብ በምታዘነብልበት በታኅሣሥ ቀትር እንኳ ከግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች 2 ሜትር ያህሉ ጥላ ውስጥ ይውላል።

ፈተናው ወደ ምዕራብ የዞረው በረንዳ ነው። በመጋቢት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትመጣለች፤ ያው 1.2 ሜትር ጣሪያ ከግድግዳው የሚያጠላው 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የምዕራብ በረንዳ ላይ ከላይ ሌላ ቆርቆሮ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ከጎን የሚወርድ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መከላከያ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ለመቀመጥ የሚፈልገው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ከ9 እስከ 12 ባለው ጊዜ ነው።

በዚያው ዞን፣ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ጥያቄው ይገለበጣል። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በከፍታው ልዩነት ብቻ ሙቀቱ ከአርባ ምንጭ ወደ 9 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል፣ ጉምና ዝናቡም ይበዛል። እዚያ በረንዳ የሚፈልገው የጠዋት ፀሐይና የነፋስ መከለያ ነው። የአንዱን ከተማ በረንዳ ለሌላው እንዳለ መቅዳት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ከጥናቱ በኋላ ችግሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊቀመጥ ይገባል። «በረንዳው ጠባብ ነው» ችግር አይደለም፣ ቅሬታ ነው። «አያት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ጥላና ነፋስ ያለው መቀመጫ ያጣሉ፤ ልብሱም በዚያው ሰዓት መተላለፊያውን ይዘጋል» ሲባል ግን መፍትሔው ራሱ ብቅ ይላል። ለምሳሌ በአርባ ምንጭ ሙቀት ጠዋት የተሰጣ ልብስ በፍጥነት ይደርቃል፤ የልብሱ ችግር በዕቃ ሳይሆን በሰዓት ሊፈታ ይችላል። ካልሆነም ገመዱን በመዘውር ወደ ጣሪያው መሳብ ከሥሩ ቦታ ያስለቅቃል። ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ አግዳሚ ሲፈለግ ይዘረጋል፣ ሲጨርሱ ይታጠፋል። ለምዕራብ ፀሐይ ከዶርዜ ቀርቀሃ የተሠራ፣ እየተጠቀለለ የሚወጣና የሚወርድ መከለያ ከወፍራም መጋረጃ ይሻላል፤ ብርሃኑን ይሰብራል፣ ነፋሱን ግን አያግድም። ውኃ በማይተኛበት ቦታ ከተሰቀለም ዕድሜው ይረዝማል። በማሰሮ ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ይበቅላሉ፤ ለቡናውም ለወጡም ቅርብ ናቸው። ጦጣና ዝንጀሮ የሚደርሱበት ቤት ከሆነ ግን ምግብ በረንዳ ላይ አያድርም።

የዘዴው ትልቁ ጥበብ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ብረት ከመበየዱ በፊት በጨርቅ መሞከር። አሮጌ አንሶላ በምዕራብ በኩል በገመድ ይሰቀላል። አግዳሚው ሊቀመጥበት የታሰበው ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ይሰመራል፤ በካርቶን ወይም በተደረደረ ጀሪካን ከፍታው ይሞከራል። የቡናው ጥግ ለጥቂት ቀናት ወደ አዲሱ ቦታ ይዛወራል። ከዚያ ማየት ነው። አያት 10 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው ይቆያሉ ወይስ ወደ ውስጥ ይገባሉ? አንሶላው ነፋሱን ከዘጋ ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተውለታል። በሩ ሲከፈት አግዳሚውን ይነካል? ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ በአጥሩ ብረት ላይ የታሰረ ቀጭን ክር ይበቃል። ይህ ሁሉ ምንም ወጪ የለውም። በጨርቅ የታየ ስህተት በአምስት ደቂቃ ይታረማል፤ በብየዳ የተሠራ ስህተት ግን ቤተሰቡ ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

በሙከራ የማይደፈሩ ነገሮችም አሉ። አብዛኛው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ከሕንፃው ወጥቶ በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። ክብደት ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ጫናው ይጨምራል፤ 200 ሊትር ውኃ የሞላ በርሜል 200 ኪሎ ነውና ቦታው ከግድግዳው ሥር እንጂ ከጠርዝ ላይ አይደለም። አጥሩ ላይ የተደረደረ የአበባ ማሰሮ በነፋስ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ከሥር ባለ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለ ከተማ ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። በብዙ አገሮች የሕንፃ ደንብ የአጥሩ ከፍታ ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.1 ሜትር፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሕፃን ሰውነት እንዳያልፍ ነው። ከአጥሩ አጠገብ የተቀመጠ በርጩማ ግን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ሕፃን ይወጣበታል።

ውኃም ጥንቃቄ ይሻል። አርባ ምንጭ ወባማ አካባቢ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ ደግሞ በቤት የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ በርሜል ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ ከአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህንም ውኃ አይተኛበት።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ለውጥ በረንዳውን በመስታወት ወይም በቆርቆሮ ዘግቶ ክፍል ማድረግ ነው። ለጨንቻ ብርድ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። ለአርባ ምንጭ ግን ክፉ ምርጫ ነው። የተዘጋው በረንዳ ፀሐይ አጠራቅሞ ሙቀቱን ወደ ሳሎን ይልካል፣ ከሐይቆቹ በኩል የሚመጣውንም ነፋስ ያቋርጣል። በተዘጋ በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ሕይወት ያሳጣል፤ የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ተጨማሪ ክፍል የግድ ቢያስፈልግ እንኳ ቢያንስ ከላይና ከታች የማይዘጋ የአየር መውጫ ሊተውለት ይገባል።

በኮንዶሚኒየም የሕንፃው መዋቅርና የውጭ ግድግዳ የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ነው፤ የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግልንና የጋራን ይለያል። ስለዚህ ጣሪያ የሚያወጣ፣ ግድግዳ የሚበሳ ወይም አጥር የሚቀይር ሰው አስቀድሞ የቤት ባለቤቶችን ማኅበር ያማክር፤ ክብደት የሚጨምር ከሆነም መሐንዲስ ይጠይቅ። በአርባ ምንጭ ሰፈሮች በሲቀላና በሴቻ አዲስ ቤት የሚያሠሩ ባለቤቶችና ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎች ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዕድል በእጃቸው አለ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ልብሱ የት እንደሚሰጣ፣ ቡናው የት እንደሚፈላ፣ አያት የት እንደሚቀመጡ ነዋሪውን ይጠይቁት።