መቶ በመቶ የሞላ ሪፖርት

ሰኔ ላይ በአቀስታ ዙሪያ ደጋ ቀበሌዎች ቤት ለቤት የዞረ ሰው ብዙውን ደጃፍ ተዘግቶ ያገኘዋል። የበልጉ ገብስ ደርሶ እናትም ልጅም ማሳ ላይ ናቸው። ጤና ኬላዎችን የምንደግፍ ባለሙያዎች ይህን አሳምረን እናውቃለን። ግምገማ ላይ ስንቀመጥ ግን ጉብኝቷን መቶ በመቶ ያደረገችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናመሰግናለን፤ ስልሳ ይዛ የመጣችውን «ምን ሆነሽ ነው?» ብለን እናስነሳለን።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚያዳርሱት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ያውም በእግራቸው፣ በዚያ ዳገትና ብርድ። ቁጥሯ የወረደባት ልጅ ምክንያቷን ልትናገር ስትጀምር «ሰበብ አታብዢ» ትባላለች። ዝም ስትል ደግሞ ጥፋቷን እንዳመነች ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይያዝባታል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው የሆስፒታል ጥናት፣ በደንብ የሚመሩ የነርስ ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስህተት መዝግበው አገኘች። የጠበቀችው ተቃራኒውን ነበር። ነገሩን ስትመረምረው፣ የስህተታቸው ቁጥር ከፍ ያለው ሳይፈሩ ስለሚናገሩ እንደሆነ ተገነዘበች።

እኔንም በአጨዳ ወር የሚያሰጋኝ ስልሳው ሳይሆን መቶው ነው። አለቃ ፊት መቆም በሚያስፈራበት መሥሪያ ቤት መዝገቡ ይሞላል፣ ሥራው ግን የት እንደደረሰ አይታወቅም።

ስብሰባው ተበትኖ ቡና ሲቀርብ ያቺው ዝም ያለች ልጅ ትናገራለች። እርጉዟን ማሳ ድረስ ወርዳ እንዳየቻት፣ የትኛው ጎጥ ጎህ ሳይቀድ ካልተሄደ ሰው እንደማይገኝበት፣ ሁሉንም። ይሉኝታ ስብሰባ ላይ የያዘውን አንደበት ቡናው ይፈታዋል፤ ለሥራችን የሚጠቅመውም ወሬ እዚያ ነው ያለው።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት «የትኞቹን ቤቶች ዝግ አገኛችሁ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ። መጀመሪያ ሰሞን የሚመልስልኝ አልነበረም፤ ወጥመድ መስሏቸው ነበር። አሁን ዝርዝሩን ይዘው ይመጣሉ፤ በዚያው መነሻ የክትባት ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ጋር አገናኝተነዋል። የሰኔው ጉብኝት ዛሬም ዝቅተኛ ነው። እኔም በተራዬ ከበላይ አለቆች ፊት ስቆም ቁጥሩን እንዳለ፣ ከነምክንያቱ አቀርባለሁ።