ብዙ ወጪ የማይጠይቁ የአእምሮ ጤና መጠበቂያ ልማዶች በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ

የአእምሮ ጤና ማለት ከአእምሮ ሕመም ነጻ መሆን ብቻ አይደለም። ሰው የኑሮን ጫና ተቋቁሞ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ተግባብቶ ለመኖር የሚያስችለው የአእምሮ ደኅንነት ነው። ወረርሽኝ ይህን ደኅንነት በሁለት በኩል ይፈታተነዋል። በአንድ በኩል የበሽታና የሞት ፍርሃት፣ የገቢ መቀነስና የነገ ሥጋት ጭንቀትን ያበዛሉ። በሌላ በኩል በሽታውን ለመከላከል የሚወሰዱ እርምጃዎች ሰዎች ጭንቀታቸውን ሲያቃልሉባቸው የኖሩትን ልማዶች ይገድባሉ።

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ዐዋጁን ተከትሎም ከ4 ሰዎች በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ። እርምጃዎቹ ሕይወት ለማትረፍ አስፈላጊ ነበሩ። ይሁን እንጂ በወልዲያ ከተማ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ለሚኖረው ሕዝብ ቀላል አልነበሩም። በሰሜን ወሎ ሐዘን የሚቻለው በቅሬ ነው፤ ጠብ የሚበርደው በሽማግሌ ነው፤ የልብ የሚወራው ቡና ላይ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በለቅሶም በሠርግም አይለያይም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዛመት ደግሞ መፈናቀል፣ የቤተሰብ አባል ሞትና የንብረት ውድመት በወረርሽኙ ላይ ተደረቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀትና የድብርት ሕመሞች በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምረዋል።

ሰው ሲፈራ አካሉ ለአደጋ የሚያዘጋጁትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻ ይወጠራል። አደጋው ሲያልፍ አካል ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሥጋቱ ለወራት ሲቆይ ግን እንቅልፍ ይዛባል፤ ራስ ምታትና የጨጓራ ሕመም ይመጣል፤ ሰውም በትንሹ የሚቆጣ ይሆናል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ልማዶች ይህን የተወጠረ አካልና አእምሮ ለማርገብ የሚረዱ ናቸው። ገንዘብ አይጠይቁም ወይም እጅግ ጥቂት ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁት በየቀኑ መደረግን ነው።

ከሰው ጋር መገናኘትን አለማቋረጥ

በወረርሽኝ ጊዜ የሚጠበቀው አካላዊ ርቀት እንጂ መለያየት አይደለም። ቡና በዝግ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ከመጠጣት ይልቅ በግቢ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጥቂት ሆኖ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ መጠጣት ይቻላል። ሲኒዎቹ በሳሙናና በፈላ ውኃ ሊታጠቡ ይገባል። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ግን ከቤቱ ባይወጣ ይመረጣል፤ ጎረቤቱ በደጅ ሆኖ ወይም በስልክ ሊጠይቀው ይችላል።

በለቅሶ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከዚህ ይበልጣል። ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ሐዘኑን ያከብድበታል፤ ብዙ ሕዝብ በአንድ ድንኳን ውስጥ መሰብሰቡ ደግሞ በሽታውን ያዛምታል። የቅሬ መሪዎች አባላቱን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት አድርገው በየቀኑ በተራ ቢመድቡ ሐዘንተኛው በአንድ ቀን ከሚመጣ ብዙ ሰው ይልቅ ለብዙ ቀናት የሚመጣ ጥቂት ሰው ያገኛል። ለቀስተኛው የሚቀንሰው ከሳምንት በኋላ፣ የሐዘንተኛው ብቸኝነት የሚበረታውም በዚያን ጊዜ በመሆኑ ይህ አሠራር ከወረርሽኙም በኋላ ቢቀጥል ይጠቅማል።

ሰውነትን ማንቀሳቀስ

አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህም በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማለት ነው። እንቅስቃሴ የጡንቻን ውጥረት ያላላል፤ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ስሜትንም ያነቃቃል። በወልዲያ በሱቅ ወይም በቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ከባጃጅ ይልቅ እግሩን ቢጠቀም የሚያወጣው ወጪ አይኖርም፤ እንዲያውም የትራንስፖርቱን ሂሳብ ይቆጥባል።

በሀብሩ ቀበሌዎች ሲያርስና ሲያርም የሚውል ገበሬ በቂ እንቅስቃሴ ያደርጋል። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ልጆችንና ሕመምተኛን የምታስታምም እናትም እንዲሁ። እንዲህ ያለች እናት የሚጎድላት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍት ነው። ባልና ልጆች በቀን አንድ ሥራ ቢቀበሏትና ግማሽ ሰዓት እንድታርፍ ቢያደርጉ የእርሷን የአእምሮ ጤና ከሚጠብቁ ነገሮች ዋናውን አደረጉላት ማለት ነው።

እንቅልፍ፣ ቡናና ጫት

አብዛኛው አዋቂ በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ለእንቅልፍ ከሁሉ የሚረዳው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣትና ጠዋት የፀሐይ ብርሃን ማግኘት ነው። ምሽት ላይ ስልክን ከመኝታ ማራቅም ይጠቅማል።

ቡና የሰው መገናኛ እንደ መሆኑ መተው የለበትም፤ ሰዓቱን መምረጥ ግን ይገባል። በቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው በረካውን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢያደርሰው መልካም ነው። ጫት ለጊዜው ያነቃቃል፤ ነገር ግን እንቅልፍን ይነሣል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በማግሥቱም መጫጫንና መከፋት ያስከትላል። አልኮል መጠጥም በፍጥነት ቢያስተኛም እንቅልፉ የተቆራረጠ ይሆናል። በጭንቀት ወቅት ጫትና መጠጥ መቀነስ ከወጪም ከሕመምም ያድናል።

ትንፋሽን ማርገብና ወሬን መመጠን

ጭንቀት ሲበረታ ተደላድሎ መቀመጥ፣ እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ በቀስታ መተንፈስ፣ ከዚያም እስከ 6 እየቆጠሩ በአፍ ማስወጣትና ይህንኑ ለ5 ደቂቃ መደጋገም ይመከራል። አወጣጡ ከአገባቡ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋል። ጸሎትና ሶላትም በቋሚ ሰዓት የሚደረጉ በመሆናቸው ለቀኑ ሥርዓት፣ ለአእምሮም ዕረፍት ይሰጣሉ፤ በቤት ውስጥ ወይም በርቀት ሊፈጸሙ ይችላሉ።

ስለ በሽታው ቀኑን ሙሉ መስማት ፍርሃትን ያበዛል እንጂ ጥንቃቄን አይጨምርም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከታመነ ምንጭ መስማት ይበቃል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቫይረሱን ያጠፋሉ እንደሚለው ያለ ወሬ ሲደርስ ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን መጠየቅ ይገባል።

አዲስ ልማድ የሚጸናው ቀድሞ ከነበረ ልማድ ጋር ሲያያዝ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ መርጦ፣ ለምሳሌ ከጠዋት ቡና በኋላ መራመድን ወይም ከጸሎት በፊት በቀስታ መተንፈስን፣ ለሁለት ሳምንት መሞከር ሁሉንም በአንድ ቀን ጀምሮ ከመተው ይሻላል።

ልማዶቹ ብቻቸውን የማይበቁበት ጊዜ

እነዚህ ልማዶች ለጭንቀት ይረዳሉ፤ ሕክምናን ግን አይተኩም። የሚከተሉት ምልክቶች የታዩበት ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፦

• ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ከባድ መከፋት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ሥራ መሥራት አለመቻል፤
• ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ወይም ያለ ምክንያት ሰውን ሁሉ መጠርጠር፤
• ያለፈውን አደጋ በቅዠትና በድንጋጤ ደጋግሞ መኖር፤
• ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ።

የመጨረሻው ምልክት ቀጠሮ አይሰጠውም። ሰውዬውን በእርጋታ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን መተው አይገባም። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ኬሚካልና በቤት ያለ መድኃኒትም ተቆልፎ እንዲቀመጥ ወይም ከቤት እንዲወጣ ማድረግ ሕይወት ያድናል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የአእምሮ ሕመም ሲደበቅ ይከፋል። ሕመሙ እርግማን ወይም የሰነፍ ሰው መለያ አይደለም፤ እንደ ሌላው ሕመም ሁሉ ይታከማል። ጸበል የሚጠመቅ ወይም ዱአ የሚያስደርግ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

የመጀመሪያው እርዳታ የሚገኘው በየቀበሌው ካለ ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ታደርጋለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የአባልነት መታወቂያውን ይዞ መሄድ አለበት። ስለ ወረርሽኙ መረጃ ለማግኘት በነጻ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይቻላል።